የእናታችሁ ደም ግፊት ሁልጊዜ 120/80 ከሆነ ጠርጥሩ

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ቤታችሁ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካለ፣ ወይም እናት አባታችሁን እዚህ ትታችሁ ውጭ አገር የምትኖሩ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የባለታሪኩን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ማንነቱን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነበርን። ጓደኛዬ አሜሪካ ነው የሚኖረው፤ ለሦስት ሳምንት መጥቶ ነው። «አየር ያለበት ቦታ ሄደን እናውራ» ሲለኝ እዚያ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ላላያችሁት፣ ማዕከሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ተራራው ላይ ያረፈ 705 ሄክታር ግቢ ነው። ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን እያየ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ መሆኑን ይረሳል። (ለደም ግፊትም ለስኳርም ያንን ዳገት በእግር መውጣት ምን እንደሚጠቅም ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

ትንሽ እንደሄድን «እናቴ ግን ጥሩ እጅ ላይ ናት» አለኝ። እናቱ 74 ዓመታቸው ነው። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም፤ ንግግራቸውም ትንሽ ይያዛል። ቤታቸው ከማዕከሉ ብዙም አይርቅም፣ እዚያው ጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። እህት ወንድም ስለሌለው የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሰጥ ድርጅት ቀጥሮ በየወሩ ከአሜሪካ ይከፍላል። ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። በየቀኑ ማታ በቴሌግራም ፎቶ ይላክለታል፤ እናት ነጭ አንሶላ ላይ፣ ጸጉራቸው ተሠርቶ፣ ፈገግ ብለው። ከፎቶው ስር ጠዋትና ማታ የተለካ ተብሎ ይጻፋል፦ ደም ግፊት 120/80፣ ሙቀት 36.5፣ ኦክስጅን 98።

ወደ ላይ ሄድኩ። 120/80። የሳምንቱን አየሁ፣ የወሩን አየሁ። 120/80፣ 120/80፣ 120/80። አርባ አንድ ቀን ቆጠርኩ።

«ምን ሆንክ?» አለኝ ፊቴን አይቶ።

«እናትህን አሁን ላያቸው እችላለሁ?» አልኩት።

የደነገጥኩት ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። የሰው ደም ግፊት እንደ መኪና ታርጋ አይደለም፤ ይለዋወጣል። ተኝቶ ሲለካና ተቀምጦ ሲለካ፣ ሽንት ሲይዝ፣ ሲናደዱ፣ መድኃኒት ከመውሰድ በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት አይሆንም። ጤነኛው የእናንተ እንኳ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ብትለኩት ሌላ ቁጥር ያሳያችኋል። ግፊት ኖሮባቸው ስትሮክ የመታቸው የ74 ዓመት እናት አርባ አንድ ቀን ሙሉ፣ ጠዋትም ማታም፣ ከመጽሐፍ እንደተቀዳ 120/80 ሊሆኑ አይችሉም። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወይም ማሽን የለም፣ ወይም የሚለካ ሰው የለም።

ቤት ስንደርስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሆኗል። በሩን የከፈተችልን አስታማሚዋ ናት፤ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ጨዋ ልጅ። እናት ሲያዩኝ ወዲያው ነው ያወቁኝ። «አንተ መስታወቴን በኳስ የሰበርከው! አሁን ዶክተር ሆነሃል አሉ» ብለው ሳቁ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ይሸታል የሚባል ነገር የለም፣ አልጋው በደንብ ተነጥፏል። እዚህ ላይ ብንቆም ኖሮ «አገልግሎቱ ጥሩ ነው» ብለን እንሄድ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅሁት የክትትል ደብተሩን ነው። ተሰጠኝ። የዚያን ቀን ገጽ ላይ «ማታ 1 ሰዓት፣ 120/80» ተብሎ ተጽፏል። ማታ 1 ሰዓት ለመሆን ገና ስምንት ሰዓት ይቀራል።

ቀጥሎ «እማማ፣ ጀርባዎትን ልይ?» አልኳቸው። ትንሽ አቅማሙ፤ በኋላ ፈቀዱልኝ። ጓደኛዬን ወጣ እንዲል ነግሬው በጎን አዞርናቸው። ቂጣቸው መሐል፣ ከአጥንቱ በላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል የተከፈተ ቁስል አለ፤ ወይን ጠጅ የቁስል ቀለም ተቀብቶ በፋሻ ተሸፍኗል። ቀኝ ተረከዛቸው ላይ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ፣ ስትነኩት የሚሞቅ ቦታ ነበር። ያ ገና ያልፈነዳው ነው።

ጓደኛዬን ጠርቼ ሳሳየው ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። የሰባት ወር ፎቶ ስልኩ ውስጥ አለ። ፎቶው ሁሉ ግን ከደረት በላይ ነው።

አሁን አስታማሚዋን ልትረግሟት ትችላላችሁ። እኔም መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ቁጭ ብለን ስናወራ ግን ሌላ ነገር ወጣ። ልጅቷ «ነርስ» ተብላ ነው የመጣችው፤ ነርስ አይደለችም፣ የሁለት ሳምንት ስልጠና ብቻ ነው የወሰደችው። አምስት ሳምንት አንድም ቀን እረፍት አልወጣችም። ቀንም ሌሊትም ብቻዋን ናት፤ ከእሷ ክብደት የሚበልጡ ሰው ብቻዋን ታገላብጣለች፤ ሌሊት ሲደክማት ሳታገላብጥ ያድራሉ። የግፊት ማሽኑ ከተበላሸ ከወር በላይ ሆኖታል። ለአስተባባሪው ስትነግረው «ለጊዜው የተለመደውን ጻፊ» አላት። ነርስ የሆነች ተቆጣጣሪ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ቤቱን አልረገጠችም። ድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጥያቄው የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነ።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ በሽተኛ ስንት ዓይን እንደሚያየው አስቡት። የቀኑ ነርስ ለማታዋ ታስረክባለች፣ ሐኪም ራውንድ ይዞራል፣ ጽዳቷ ትገባለች፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ እንኳ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል» ትላለች። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያያል። ቤት ውስጥ ግን ያለው ዓይን አንድ ጥንድ ነው። ያ ሰው ቢደክመው፣ ባያውቅ፣ ወይም ቢዋሽ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የቤት ለቤት አገልግሎትን ስትመርጡ ወይም ስትገመግሙ ከዩኒፎርሙና ከፎቶው በፊት የምትጠይቁት ይሄን ነው፦ በዚህ ቤት ሁለተኛው ዓይን የማን ነው?

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያስተማረን አንድ ሐኪም ስለ አልጋ ላይ በሽተኛ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚለው «አዙሩትና አሳዩኝ» ነበር። ቆዳ አይዋሽም። ሰው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ሲቆይ አጥንቱና ፍራሹ መሐል ያለው ሥጋ ደም ያጣል፤ ጥቂት ሰዓታት ለጉዳት ሊበቁ ይችላሉ። የሚመቱት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከወገብ በታች መሐሉ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የማጅራት በላይ፣ ለሚቀመጥ ሰው መቀመጫው። መጻሕፍቱ «መቅላት» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከአካባቢው ጠቆር ወይም ሐምራዊ ያለ፣ የሚሞቅ፣ ጠጠር ያለ ወይም ሲነካ የሚያም ቦታ ፈልጉ። በጣታችሁ ጫን ብላችሁ ስትለቁት ቀለሙ ካልተቀየረ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። ያንን ቦታ እንዳታሹት፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ጓንት ውስጥ ውኃ ሞልቶ ተረከዝ ስር ማድረግ በየሆስፒታሉም አይተናል፤ አይመከርም። ይልቅ ከባት ስር ትራስ አድርጋችሁ ተረከዙ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ።

ማገላበጡ በየሁለት ሰዓቱ ነው ተብሎ ይታወቃል፤ ጥሩ ፍራሽ ካለ ሐኪሙ ሊያራዝመው ይችላል። የአየር ፍራሽ ገዛን ብላችሁ ግን ማገላበጥ እንዳትተዉ፤ መብራት ሲጠፋ ያ ፍራሽ ተራ ላስቲክ ነው። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በቪዲዮ ስትደውሉ ፊታቸውን ካያችሁ በኋላ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ተረከዛቸውንና ጀርባቸውን አሳዩኝ በሉ። ለእናት ክብር ሲባል ሴት ዘመድ ወይም ጎረቤት እንድታይላችሁ ማድረግም ይቻላል። እዚያ ላይ የሚያቅማማ ድርጅት ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ በጣም ያስፈራኝ ግን ቁስሉ አልነበረም። ስድስት ሰዓት ላይ አስታማሚዋ አጥሚት አመጣችና እናት እንደተኙ፣ ራሳቸውን ብቻ በእጇ ደግፋ ማጠጣት ጀመረች። ሁለቴ ሲጎነጩ ሳሉ። «ትንታ ነው፣ ለምደውታል» አለች። ትንታ አይለመድም! ስትሮክ የመታው ሰው የጉሮሮው ጡንቻም ሊደክም ይችላል፤ ምግቡ ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ይገባል። የሳንባ ምች ይከተላል፤ አልጋ ላይ ያሉ ሰዎችን በብዛት ከሚገድሉብን ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ሲያጎርሱም ሲያጠጡም በሽተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዘንበል ይበል፣ በትንሽ ማንኪያ ይሁን፣ አንዱን ሳይውጥ ሌላ አይጨመር። ከበላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኛ። በሲሪንጅ አፍ ውስጥ መጨመቅ በፍጹም። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ከሆነም የአልጋው ራስጌ ከፍ ብሎ ነው የሚሰጠው፤ ቱቦው ወጣ ካለ ነርስ ሳታየው ጠብታ ውኃ አይግባበት። አገልግሎቱን መገምገም የምትፈልጉ ምሳ ሰዓት ላይ ሳትናገሩ ሂዱ። አንድ ምሳ አስር ሪፖርት ያስንቃል።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ጥሩ የክትትል ደብተር ቆሻሻ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የተሰረዘ አለው፣ «ዛሬ መድኃኒት አልወስድም ብለው ነበር፣ 4 ሰዓት ላይ ወሰዱ» የሚል አለው፣ የእጅ ጽሑፉ እንደ ሠራተኛው ይለያያል። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ስሜት ከላይ እስከ ታች የተሞላ ደብተር ካያችሁ ማሽኑን አምጡ በሉና ፊታችሁ ይለኩ። የመድኃኒት ዝርዝርም እዚያው ይኑር፤ ስሙ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን እንዳዘዘው። ኪኒኑን ቁጠሩት። በወሩ መጀመሪያ 30 ከተገዛና በ20ኛው ቀን 18 ከቀረ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከደብተሩ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፦ ዳማ ከሴም ይሁን ሌላ ቅጠል፣ ጠበልም ይሁን ከገበያ የተገዛ ዱቄት፣ ለበሽተኛው የሚሰጥ ሁሉ ይጻፍ። የጉለሌው ማዕከል ውስጥ ስሄድ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ኮሶ ነው፤ መድኃኒት ነበረ፣ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ክፉኛ ይጎዳ ነበር። እናቶቻችን ይሄን ያውቁት ነበር። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ላይ ቅጠል ሲጨመርበት ደሙ ከሚፈለገው በላይ ሊቀጥን ይችላል። ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ ሐኪሙ ካላወቀ ግን መጠንቀቅ አይችልም።

መርፌ ቤት ውስጥ ይሰጥ ወይ ትሉኛላችሁ። ይሰጣል፣ በሥርዓቱ ከሆነ። የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ትእዛዙ በጽሑፍ ይኖራል። ከዚህ በፊት ወስደውት የማያውቁትን አንቲባዮቲክ የመጀመሪያውን መርፌ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ውሰዱ። አለርጂ ሲነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይዘጋል። ነርሷን «አድሬናሊን ቦርሳሽ ውስጥ አለ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ጥያቄው ካስገረማት አይወጋላችሁ። ያገለገለ መርፌ ወደ ኩሽና ቆሻሻ አይጣልም፤ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹን እየወጋቸው ነው። ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ከሌላቸው ጥቅጥቅ ያለ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይሁንና ድርጅቱ ይዞት ይሂድ።

ኦክስጅን ያለበት ቤት ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ ጥቂት ወራት በኋላ ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቤታቸው ተለይተው እንዲታከሙ ተደረገ። አልጋ ሲጠፋ ጠና ያለባቸውም ሲሊንደር እያስገቡ ቤታቸው ቀሩ። በዚያ ጊዜ በየቤቱ ስንዞር ሲሊንደሩ አጠገብ ቡና ሲፈላ፣ ከሰሉ ላይ እጣን ሲጨስ ያየሁት አንድ ሁለት ጊዜ አይደለም። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያፋፍመዋል። ክፍሉ ውስጥ ሻማ፣ ከሰል፣ ሲጋራ፣ ክብሪት አይገባም፤ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ይታሰር። ኦክስጅን ያመጣ ድርጅት ይሄን ሳይነግራችሁ ከሄደ ሥራውን ጨርሶ አልሄደም።

ያን ቀን አስታማሚዋን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እማማ ድንገት ቢዝለፈለፉ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ለአስተባባሪው እደውላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እሱ ለልጃቸው ይደውላል።» ልጃቸው ደግሞ ከአሜሪካ ለአጎቱ ልጅ ይደውላል፤ የአጎቱ ልጅ መኪና ይፈልጋል። ስትሮክ ደግሞ ሰዓት ነው የሚቆጠርለት። አልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፍ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል፣ ቁልፍ ያለው ጎረቤት ስልክ፣ የቤቱ አቅጣጫ። አስታማሚዋ ማንንም ሳታስፈቅድ እንድትደውል፣ ገንዘብም እጇ ላይ እንዲኖር ቀድማችሁ ንገሯት። የስኳር በሽተኛ ከሆነ ደግሞ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲደናገር ስኳሩ ወርዶ ሊሆን እንደሚችል ታውቅ፤ ስኳሩ በእጇ ይሁን። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም።

ስለ ፈቃድ። አዲስ አበባ ውስጥ የጤና ተቋማትን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነው። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ብቻ አይበቃም፤ ምን ዓይነት አገልግሎት ተብሎ እንደተጻፈ አንብቡት፣ መታደሱን እዩ። ከዚያ ቤታችሁ የሚገባውን ሰው የራሱን የሙያ ፈቃድ ጠይቁ። ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው ሕክምና ነው፤ መርፌ፣ ቁስል ማጠብ፣ ቱቦ መቀየር። ይሄ የባለሙያ ነው። ሁለተኛው ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ማጫወት ነው። ይሄን በደንብ የሰለጠነች አስታማሚ ከማንም በላይ ትሠራዋለች፤ አይናቅም። ችግሩ ሁለተኛው በአንደኛው ዋጋና ስም ሲሸጥ ነው። ሰው በደላላ የሚያመጡና «ነርስ» ብለው የሚያስገቡ አሉ።

እንግሊዝ አገር የቤት እንክብካቤን የሚመረምረው ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የሚባለው ተቋም አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው? ውጤት አለው? ርኅራኄ አለው? ለሰውየው ፍላጎት መልስ ይሰጣል? በደንብ ይመራል? የኛ ሰው ሦስተኛውን በደንብ ያያል፤ «ልጅቷ ጥሩ ሰው ናት» ይላል። አምስተኛውን ማንም አይጠይቅም። እኔ ደግሞ የጉለሌው ቤት የወደቀው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። ተቆጣጣሪ ነርስ በስንት ቀኑ ነው የምትመጣው? ሳትነግር ትመጣለች? አስታማሚዋ ስትታመም ማን ይተካል? በሳምንት ስንት ቀን ታርፋለች? ከምከፍለው ላይ ለእሷ ስንት ይደርሳታል? የመጨረሻው ጥያቄ የናንተ ጉዳይ አይመስልም፤ ነው እንጂ። እንቅልፍ ያጣች ልጅ ኪኒን ትሳሳታለች፣ ወገቧ የተቆረጠ ልጅ አታገላብጥም። ውሉ ላይ አስገቡት።

ካሜራ ማስገባት ይሻላል የሚሉኝ አሉ። ሳሎን ላይ ይሁን እላለሁ። እናታችሁ ልብሳቸው ሲቀየር የሚቀርጽ ካሜራ ጥበቃ አይደለም፤ አስታማሚዋም ሳታውቅ አይተከል።

ሁለተኛ ዓይን የሚለው ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ ከ1997 ዓ.ም. በፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ቤቱ ተኝቶ ይሞት ነበር። ያን ጊዜ እድሮች አባሎቻቸውን አሰልጥነው በሽተኛ ያለበት ቤት እየላኩ ያጥቡ፣ ያጎርሱ፣ ቁስል ያጸዱ ነበር። ሆስፒስ ኢትዮጵያም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መዳን የማይችል ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሕመማቸውን ያስታግሳል። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ጓደኛዬ እናቱ ቀበሌ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ መኖሯን አያውቅም ነበር፤ ጤና ጣቢያው ከቤታቸው የአስር ደቂቃ መንገድ ነው። የእድራቸው ሴቶችም በወር አንድ ጊዜ መጥተው ሳሎን ቁጭ ብለው ቡና ጠጥተው ይሄዱ ነበር። መኝታ ክፍል እንዲገቡ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

እናትን ብቻቸውን ሳገኛቸው ለምን ለልጅዎ አልነገሩትም አልኳቸው። «ስልኩን የምትይዝልኝ እሷ አይደለች? ፊቷ እንዴት ብዬ። ደግሞ እሷም የሰው ልጅ ናት፣ ከሥራ ቢያስወጣትስ?» አሉኝ። ስለዚህ እባካችሁ፣ በሽተኛችሁን ብቻውን አውሩት። አስታማሚዋ ስትገባ ዝም የሚል፣ የሚደነግጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሰንበር ያለበት፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው ካለ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ጓደኛዬ የመመለሻ ቲኬቱን በሁለት ሳምንት አራዘመ። ድርጅቱን ቀየረ፤ ልጅቷን ግን አላባረራትም። አዲሱ ድርጅት ውስጥ እንድትገባ አድርጎ ቀኑን እሷ፣ ሌሊቱን ሌላ ሰው ሆነ፤ እሑድ ታርፋለች። በሳምንት ሁለቴ ነርስ ቁስሉን ታያለች። አዲስ የግፊት ማሽን ተገዛ። ከእድሩ ሁለት ሴቶች ሳይናገሩ ይመጣሉ፤ አሁን ጓዳ ድረስ ይዘልቃሉ። የተረከዙ ቦታ ሳይፈነዳ ተመለሰ። የቂጣቸው ቁስል ለመዝጋት ሦስት ወር ፈጀ።

ባለፈው ሳምንት ከአሜሪካ ደወለልኝ። ድምፁ ተጨንቋል።

«ግፊቷ ከቁጥጥር ውጭ ሆኗል መሰለኝ» አለኝ። «ሰኞ 138/84፣ ማክሰኞ 146/90፣ ትናንት ጠዋት ደግሞ 131/78። በፊት እንዲህ አልነበረም እኮ!»

የደብተሩን ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ። ማክሰኞ መስመር ላይ በሁለት ዓይነት እስክሪብቶ ተጽፏል፤ 152 ተሰርዞ ከጎኑ «ከ10 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ተለካ፣ 146/90» ይላል። ከስሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ከልጃቸው ጋር በስልክ ተጨቃጭቀው ነበር» ተብሎ ተጨምሯል።